ጥሩወርቅ ዐረብኛ የተማረችበት በጋ

የልጅ ልጄ ሰሚራ ዘንድሮ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደብተሯን በጉያዋ ይዛ እዚሁ መተማ ዳር ወዳለው የኒም ዛፍ ትሄዳለች፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ከወንዝ ዳር መንደሮች የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ጥቁር ሰሌዳዋን ከበው ይቀመጡላታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ግን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«እማማ፣ አንዲት ሴት አለችብኝ» አለችኝ። «አማርኛ አትሰማም። ሀ ሁ ስል ዝም ብላ ታየኛለች። ከየት ብጀምርላት ይሻላል?»

«ምን ልትጠይቅ እንደምትፈልግ እወቂላት» አልኳት። «ከዚያ ጀምሪ።»

ሰሚራ በመገረም አየችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰሊጥ ጆንያና ከሚዛን ጋር ስታየኝ ያደገች ልጅ ናት፤ አያቴ ስለ ማስተማር ምን ታውቃለች ብላ ይሆናል። አልፈርድባትም። እኔ በሕይወቴ ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷንም ያስተማርኳት በጣሊያን ጊዜ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ያኔ የምንኖረው ገላባት ነበር። መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ በክረምት ጎርፉ ያጓራል፣ በበጋ ግን ደርቆ ፍየሎች ይተኙበታል። ጣሊያን መተማን ሲይዝ አባቴ ሐጅ ኑሩ ሱቃቸውን ነቅለው ወደ ማዶ፣ እንግሊዝ ወደሚገዛው ሱዳን ተሻገሩ። ማዶ ስል ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ከአዲሱ ሱቃችን ደጃፍ ቆመን የድሮው ቤታችን ክዳን ይታየን ነበር፤ የጣሊያን ባንዲራ የተሰቀለበት ምሽግም እንዲሁ። ያም ሆኖ ንግዱ አልቆመም። በገበያ ቀን ሰሊጡና ማሩ ከዚያ፣ ጨውና ስኳሩ ከዚህ ይሻገራል፤ ፊታቸው የታወቀ ነጋዴዎች በኬላው ያልፋሉ። እናቴ ቀደም ብላ በንዳድ ስለሞተችብን ቤቱን የምይዘው፣ ሱቁንም ከአባቴ ጋር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እኛ ጀበርቲዎች ነን። ከቤተሰብ ጋር በአማርኛ፣ ከደንበኛ ጋር በዐረብኛ እያወራሁ ስላደግሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር እንኳ አይታወቀኝም።

በዚያን ሰሞን ከደጋ የሚወርደው ሰው ብዙ ነበር። ከጭልጋ ይመጣሉ፣ ከአለፋ ይመጣሉ፣ ከደንቢያ ይመጣሉ፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሽማግሌዎች፣ ባሎቻቸው በረሃ የገቡባቸው ሴቶች። ከገላባት ወጣ ብሎ፣ ግንዳቸው እንደ ጎጆ ከሰፋው የዲማ ዛፎች ሥር የሣር ዳስ ቀልሰው ሰፈሩ። ልጆቻቸው የዲማውን ኮምጣጣ ነጭ ፍሬ እየመጠጡ ይውላሉ። ቆላው ለደገኛ ክፉ ነው፤ ውሃው ያማል፣ ትንኙ ያማል፣ ሐሩሩ ራሱ ያማል።

ጥሩወርቅን መጀመሪያ ያየኋት በገበያ መሀል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት የተደረደረባት ሴት ናት። ከአንዱ ነጋዴ ወደ አንዱ እየሄደች፣ «ወይን ቤቲ? ወይን ቤቲ?» እያለች ትጠይቃለች። ሰዉ ያዝንላታል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ «አላህ ያውቃል፣ እህቴ» ብሎ ይመልስላታል። እሷም ያልገባትን መልስ ተቀብላ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እኔ ጨው እየመዘንኩ በዓይኔ ስከተላት ቆየሁና ሱቃችን ደጃፍ ስትደርስ፣

«እትዬ፣ ቤትሽ የት ነበር?» አልኳት በአማርኛ።

አማርኛ ስትሰማ ደነገጠች። «ቤቴማ ነዷል። ምን ቤት አለኝ ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ቤቴ የት ነው እያልሽ ሰዉን የምትጠይቂው ለምንድን ነው?»

«ኧረ እኔስ ልጄ የት አለች ነው የምለው! አንድ ግመለኛ አስተምሮኝ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። በሱዳኖች ዐረብኛ ሴት ልጄ ለማለት «ቢቲ» ነው፤ «ቤቲ» ካሉ ቤቴ ይሆናል። ግመለኛው በትክክል ሳይነግራት አልቀረም፤ ቤት የሚለው ቃል በእኛም አገር ያለ ስለሆነ አፏ ወደለመደው ሄዶባት ነው። ይህን ስነግራት ቀስ ብላ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ይኼን ሁሉ ገበያ ስዞር የከረምኩት ቤቴን ስጠይቅ ነው» አለች።

ውሃ ሰጠኋት። ስትረጋጋ የሆነውን ነገረችኝ። አገሯ ጭልጋ ነው። ባሏ ጣሊያንን ሊዋጋ ጫካ ከገባ በኋላ መንደራቸው ተቃጠለ። እሷ ከባሏ ወንድሞች ጋር ከብት እየነዳች ወደ ቆላ ወረደች። ጓንግ ወንዝ አጠገብ ሲደርሱ አውሮፕላን መጣ። ሰዉና ከብቱ ቁመቱ ሰው በሚውጥ የማሽላ ማሳ ውስጥ ተበተነ። የአራት ዓመት ልጇ ትርንጎ ከአጎቷ ጋር በበቅሎ ላይ ነበረች። አውሮፕላኑ ሲሄድ አጎቷን ሞቶ አገኙት፤ በቅሎዋና ልጅቷ የሉም። ጥሩወርቅ ማሳውን እየቀደደች ስትፈልግ ጊዜው ነጎደ፤ በመጨረሻ የቀሩት ዘመዶቿ አስገድደው ድንበር አሻገሯት። ይህ ከሆነ ሁለተኛ በጋዋ ነው።

«አስከሬኗን አላየሁም» አለች። «ያላየሁትን አልቀብርም።»

«ነገ ቀትር ላይ ነይ» አልኳት። «ዐረብኛውን አስተምርሻለሁ።»

መጣች። ከዚያም ቀን በኋላ፣ ቀትር ላይ ገበያው ሲደርቅና ውሾቹ ሳይቀሩ ጥላ ሲገቡ፣ ከሱቁ ጓሮ ዳስ ሥር ተቀምጠን እንማር ጀመር። ባዶ እጇን ከሆነች አፏ አይከፈትም፤ ይህን ቶሎ ተረዳሁ። ሰፌድ ሰጠኋት። ሰሊጡን እያንገዋለለች፣ አቧራው በፀሐይ ጨረር ውስጥ እየጨሰ፣ ቃሉን ከእኔ አፍ ተቀብላ ከሰሊጡ ጋር ታገላብጠዋለች። ሞያ ውሃ ነው፤ ለበን ወተት ነው፤ ሰጊራ ትንሽ ልጅ ናት።

የምታስቅ ሴት ነበረች፤ ሐዘኑ ይህን አልወሰደባትም። አንድ ቀን ወንድ ሲጠየቅ «አየህ?» ለማለት «ሹፍታ?» ይባላል ብላት ሰፌዱን አስቀምጣ ሳቀች።

«እኛ አገር ሽፍታ ከታየማ ምኑን ሽፍታ ሆነ! ባሌ ስንት ጊዜ ነው ጣሊያን አጠገብ ተኝቶ ያልታየው!»

ሌላ ቀን ደግሞ ተጨነቀች። በዐረብኛ አንቱታ የለም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው። «ያውም ነጭ ፀጉር ያላቸውን ሰውዬ አንተ ልላቸው? አፌን ይያዘኝ» ብላ ብዙ ቀን አስቸገረችኝ። ሽማግሌ ስታነጋግር ቃሉ አንተ ቢሆንም ከወገቧ ዝቅ እያለች ታስተካክለው ነበር።

ሥጋ ካልሆነ አብረን እንበላለን። እኔ ክስራ፣ ያቺን እንደ ወረቀት የሳሳች የማሽላ ቂጣ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ አቀርባለሁ። ረቡዕና ዓርብ ስትጾም እጠብቃታለሁ፤ በረመዳን ደግሞ እሷ በእኔ ፊት ውሃ አትጠጣም፤ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ስለ ወተትና ስለ ውሃ በዐረብኛ እንወያያለን።

መጠየቁን ቶሎ ቻለችው። «ትርንጎ የምትባል ትንሽ ልጅ አይታችኋል?» የሚለውን ሳትሰናከል ስትለው ጊዜ ደስ ብሎኝ ወደ ገበያ ሰደድኳት። ተመልሳ ስትመጣ ግን ሰፌዱን እንኳ አልነካችም።

«መለሱልኝ» አለች። «አንዲቱ ሴትዮ ብዙ ነገር ነገረችኝ። እጇን ወደዚያ፣ ወደዚህ እያለች። እኔ አንድም አልሰማሁ። ያለሁበትን አገር ሁሉ ብጠይቅ የሚመልሱልኝን ካልሰማሁት ምን ይረባኛል ዘሀራ?»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርታችን ተለወጠ። እኔ ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ እሷ ትጠይቀኛለች። አንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ትምባሆ የጎረሰ ግመለኛ፣ አንድ ጊዜ ከጉድጓድ አጠገብ የምትጣላ ሴት፣ አንድ ጊዜ ጆሮዋ የከበዳት አሮጊት እሆናለሁ። ፈጥኜ እመልሳለሁ፤ አጉረምርሜ እመልሳለሁ፤ ግራና ቀኝ፣ ማዶና ወዲህ፣ ዛሬና አምና እያደባለቅሁ እነግራታለሁ። እሷም «ድገሚልኝ፣ አልሰማሁሽም» ማለትን ተማረች። ካስተማርኳት ሁሉ የበለጠ የሠራችበት እሱን ይመስለኛል።

በበጋው አጋማሽ አንድ ቀትር እየሮጠች መጣች። ጥሩወርቅ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከጓንግ የደረቀ ዓሣ ይዞ የመጣ ሰው ጠይቃ፣ «ድገምልኝ» እያለች አስደግማ ሰምታዋለች። ከመተማ በስተ ሰሜን፣ ጓንግ ዳር፣ ኡም ጠለሕ በምትባል የተክሩሮች መንደር አንዲት ባልቴት ያሳደጓት የሐበሻ ልጅ አለች። ስሟን ሰውዬው አያውቅም።

ተክሩሮች አያት ቅድመ አያቶቻቸው ለሐጅ ሲሄዱ ከምዕራብ መጥተው እዚህ ቆላ የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ሰሊጥና ሙጫ ይገዟቸዋል። ያችን መንደር በስም ያውቋታል። ነገር ግን መንደሪቱ ያለችው ከኬላው ማዶ፣ ጣሊያን በያዘው በኩል ነው። የሽፍታ ሚስት ያውም ከጭልጋ፣ በመተማ ምሽግ ሥር ማለፍ ቀልድ አይደለም። ብትያዝ እሷ ብቻ አትያዝም፤ የወሰዳትም ሰው አብሮ ይታሰራል።

አባቴ ነገሩን ሰሙ። ጢማቸውን በጣታቸው እያበጠሩ፣

«ሰሊጥ ልገዛ መሄዴ አይቀርም» አሉ በመጨረሻ። «የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ አማርኛ ሰምተሽ አታውቂም። ገባሽ? የሰማይ መላእክት በአማርኛ ቢጠሩሽ አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም ሐጅ» አለች ጥሩወርቅ።

«ይኸው ሰማሽ» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አባቴ መከራዋን አበሏት። ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ «ጥሩወርቅ!» ይላሉ፤ ትዞራለች። «እባብ!» ይላሉ፤ ትዘላለች። «ወድቀሻል፣ እንደገና» ይሉና ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ። እሷ በራሷ ትናደዳለች። «ጆሮ እኮ እንደ አፍ አይዘጋም» ትለኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሊጥ ስታንገዋልል አባቴ ከኋላዋ መጥተው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ጊንጥ» አሉ። ጥሩወርቅ ሰፌዷን አላቆመችም። እኔ ኮርቼ ልስቅ ስል ዓይኔ መሬት ላይ አረፈ። እውነትም ጊንጥ ነበር፤ ጅራቱን ቆልምሞ ወደ እግሯ ይመጣል። «አግረብ!» ብዬ በዐረብኛ ጮኽሁ። ያኔ ሰፌዱን ወርውራ ጆንያው ላይ ወጣች። አባቴ ጊንጡን በጫማቸው ጨፍልቀው፣

«እንግዲህ ሐሙስ እንሄዳለን» አሉ።

ሐሙስ ማለዳ የእናቴን ቶብ አለበስኳት። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙበት ረጅም ልብስ ነው፤ ንቅሳቷን ሸፈነልን። ማተቧን ከአንገቷ ፈትታ በቀሚሷ ሥር ወገቧ ላይ አሰረችው። ስታስር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ስለነበር ፊቴን አዞርኩላት። አህዮቹን ጭነን፣ የደረቀውን ወንዝ ተሻግረን ወደ መተማ ኬላ ወጣን።

ኬላው ላይ ከአናቱ የክር ጭራ የተንጠለጠለበት ቀይ ተርቡሽ ያደረገ አስተርጓሚ ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ዓይን አለው፤ ወዲያው ለየሁት። አባቴን ሰላም ብሎ እኔን አለፈኝና እሷ ላይ ቆመ። በዐረብኛ ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ከገዳሪፍ አለችው። ባሏን ጠየቃት፤ ነጋዴ ነው አለችው፤ ቃላቱ አጭርና ደረቅ ነበሩ፤ እንደ ዓይን አፋር ሴት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ዞረ። ዞሮም፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል በለስላሳ አማርኛ፣

«ማተብሽ እኮ ይታያል፣ እህቴ» አለ።

እኔ፣ ማተብ አስሬ የማላውቀው፣ እጄ ወደ አንገቴ ሲነሣ በግድ ያዝኩት። ጥሩወርቅ አልተንቀሳቀሰችም። ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረችና በዐረብኛ፣ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። አባቴም እንደደከመው ሰው፣ «ሂዱ አለን» አሏት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ በእጁ አሳለፈን። አህዮቹ የመጨረሻውን የምሽግ ግንብ እስኪያልፉ ማናችንም ወደ ኋላ አልዞርንም።

ከዚያ ያለው መንገድ ዛሬም ይታየኛል። ጥቁሩ መረሬ ፀሐይ ሰነጣጥቆት የአህያ እግር ይይዛል። የታጨደው ማሽላ አገዳ እስከ ሰማዩ ጥግ ይነጣል። ጓንግ ዳር ስንደርስ ግን አየሩ በረደ፤ ውሃው በአሸዋው መሀል አረንጓዴ ሆኖ ይፈሳል፤ ግራሮቹ ቢጫ አብበው ይሸታሉ። ጥሩወርቅ ማሳውን ስታይ ፊቷን በቶቧ ሸፈነች። እስከ መንደሩም አልገለጠችውም።

ኡም ጠለሕ በእሾህ አጥር የተከፋፈለች የክብ ጎጆዎች መንደር ናት። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግራር ሥር ተቀመጡ፤ እኛ ሁለታችን ወደ ጎጆዎቹ ገባን። ጥሩወርቅ በመጀመሪያው ደጃፍ ማሽላ የምትወቅጥ ሴት ጠየቀች፤ ትርንጎ የምትባል የለችም። በሁለተኛው ጠየቀች፤ የለችም። እንዲህ ያለ ስም ሰምተን አናውቅም አሉን። ሐበሻ ልጅስ ብትላቸው ተያይተው፣ ልጆቻችን ሁሉ የእኛ ናቸው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ፈርተዋል። እኔ ተስፋዬ አለቀ። እሷም አንድ አጥር ሥር ቆመች።

በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ የሴት ድምፅ ተጣራ።

«ያ ኢታለም! ኢታለም! ተዓሊ!»

«አቤት!» አለች ጥሩወርቅ።

በአማርኛ ነው ያለችው፤ ጮክ ብላ፣ በአማቷ ጓዳ ሆና እንደተጠራች ሙሽራ። በገዛ ድምጿ ደንግጣ አፏን ያዘች። ሐሩሩ ራሷን ያዞራት መሰለኝ።

«ማን ጠራሽ እትዬ ጥሩ?»

«እታለም እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ባሌ ቤት የወጣልኝ ስም ነው። ወንድሞቹ እታለም ነው የሚሉኝ። ልጄም ከእነሱ ሰምታ እታለም እንጂ እማዬ ብላኝ አታውቅም።»

ወዲያው ቅል ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯ በሱዳን ሹሩባ የተጎነጎነ ልጅ ከወንዙ በኩል እየሮጠች መጥታ በአጥሩ በር ገባች። ያ ድምፅ የጠራው እሷን ነው።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ «ማን ነው የጮኸው?» እያሉ ብቅ አሉ። ሐጃ ሐሊማ ይባላሉ፤ በኋላ ነው ስማቸውን ያወቅሁት። እኔ ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይኝ ዘሀራ። እኔው ልናገር።»

ዝም አልኩ። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ በዐረብኛ ነው።

«ስሜን ጠራሽኝ» አለቻቸው።

«የጠራሁት ልጄን ነው።»

«ስሟን ማን አወጣላት?»

«ራሷ ነች የነገረችን። ባሌ፣ አላህ ይማረው፣ ከማሽላ ማሳ ውስጥ አግኝቷት አመጣት። ስምሽ ማን ነው ብንላት ኢታለም። አገርሽ የት ነው ብንላት ኢታለም። ራበሽ ወይ፣ ጠማሽ ወይ ብንላት ኢታለም። ሌላ ቃል አልነበራትም። እኛም ኢታለም አልናት።»

ጥሩወርቅ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ስሟን አልነበረም የምትነግራችሁ» አለች። «እኔን ነበር የምትጠራው።»

ሐጃ ሐሊማ የአጥሩን እንጨት ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ከኋላቸው መጥታ ትከሻቸውን ያዘች። ጥሩወርቅ «ትርንጎዬ!» ብላ በአማርኛ ተጣራች፤ «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ!» ልጅቷ ግን ወደ ሐጃ ሐሊማ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ሴትዮዋ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች። አማርኛው ከውስጧ ጠፍቷል። አንድም ቃል አልቀረም።

ይኼኔ ጥሩወርቅ ትሰበራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቶቧን ከራሷ ገለጥ አደረገች፤ ያንን ሰሊጥ እያንገዋለለች የተማረችውን ዐረብኛ ጀመረች።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ኢታለም።»

«የእኔም ኢታለም ነው።»

ልጅቷ ከሐጃ ትከሻ በላይ አንድ ዓይኗን አወጣች። «ውሸት። የእኔ ስም ነው።»

«የሁለታችን ነው። ተዓል፣ ነይ ልንገርሽ።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ተዓልማ ለወንድ ነው! እኔ ሴት ነኝ፣ ተዓሊ በይ!»

«ተዓሊ» አለች ጥሩወርቅ።

«ሌላም ትሳሳቻለሽ?»

«ብዙ እሳሳታለሁ። ታርሚኛለሽ?»

ልጅቷም የምታርማት ሴት አግኝታ በአጥሩ ዙሪያ መጥታ ከፊቷ ቆመች። ጥሩወርቅ በበቅሎ ላይ ሳለች የጠፋችባትን ልጅ ስታወራላት ልጅቷ ስለ በቅሎዋ ጠየቀቻት፤ በቅሎዋን ታስታውስ ኖሯል። ቀለሟ ምን ነበር፣ ትናከስ ነበር ወይ፣ ጥሩወርቅ ሁሉንም መለሰች፤ ስትሳሳት ታረመች፤ እጇን ዘርግታ ሳትነካት ጠበቀች። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ የጥሩወርቅን ንቅሳት በጣቷ እየነካካች ጉልበቷ ላይ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥሩወርቅ እኔ ጋ ስትለማመድ የዛቻ ቃላትም ተምራ ነበር። ቢከለክሉኝ ብላ የምትናገረው፣ ለዳኛ የምትከስበት ሁሉ ተዘጋጅቷል። አንዱንም አላወጣችውም። ሐጃ ሐሊማን ቀና ብላ አይታ፣

«እኔ ሳልኖር አንቺ ነበርሽ» አለቻቸው። «አጠብሻት። ወተት አጠጣሻት። በቋንቋሽ አሳደግሻት። አንቺን ትታ ትሂድ አልልሽም። ከእኛ ጋር ነይ።»

ሐጃ ሐሊማ ያለቀሱት ያኔ ነው። «ፍየሎቼስ?» አሉ፤ እንባቸውን በቶባቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ፍየሎቼን ለማን ጥዬ?»

«ፍየሎችሽም ይምጡ» አለች ጥሩወርቅ።

አባቴ ሰሊጣቸውን ገዝተው እስኪጨርሱ እዚያው ሰነበትን። ሐጃ ሐሊማ ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ሊከተሉን ስለተስማሙ፣ ስንመለስ ትርንጎ ከአባቴ አህያ ላይ ነበረች። ኬላው ላይ ያ ተርቡሽ ያደረገው ሰውዬ ገና ሳይጠይቀን እሷው ጀመረችው፤ ባርኔጣህ ላይ የተንጠለጠለው ጭራ የምን ጭራ ነው፣ ይነቀላል ወይ፣ እንቢ ካልክ አንዷን ክር ብቻ ስጠኝ እያለች በዐረብኛ አጣደፈችው። አብረውት ያሉት ወታደሮች ሳቁበት። እሱም ሳቀና፣ «ሐጅ፣ ይህችን ወሬኛ ይዘውልኝ ይሂዱ» አለ። ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ገላባት መሬት ስንረግጥ ጥሩወርቅ ቶቧን ከራሷ ላይ ገፈፈችና እልል አለች። አንድ ጊዜ ነው ያለችው። ከዲማዎቹ ሥር ያሉት ስደተኞች ሁሉ ድምጿን ለይተው እልልታውን ተቀበሏት፤ ሰዉ ከየዳሱ እየወጣ ወደ እኛ መጣ፤ ልጅቷ በሰው እጅ ላይ እየተላለፈች ሄደች፤ አባቴ፣ እንባ የማያውቁት ሐጅ ኑሩ፣ የአህያ ጭነት ላላብኝ ብለው ዞር አሉ።

ሐጃ ሐሊማም ክረምቱ ሳይገባ፣ ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ጣሊያን ወጥቶ የጥሩወርቅ ባል ከጫካ በሕይወት ሲመለስ፣ አገሩ ጭልጋ የገባው ሚስቱን፣ ዐረብኛ የምትናገር ልጁንና አንዲት ተክሩር አማት ይዞ ነው። ሐጃ ደጋው ይበርዳል እያሉ ሲያማርሩ እዚያው ሸመገሉ።

ትርንጎ አሁን የልጆች እናት ናት። ሰሊጥ ሲታጨድ ቆላ ትወርድና እኔ ጋ ታርፋለች። አማርኛዋ የጭልጋ ነው፤ ስትቆጣ ግን አሁንም በዐረብኛ ነው የምትቆጣው። ሻይ ውስጥ ስኳር አበዛሁ ብላ ስትጮህብኝ ደስ ይለኛል፤ ሆን ብዬ አበዛለሁ።

ሰው አንድ ነገር ሲማር ለምን እንደሚሆነው አስቀድሞ አያውቅም። እኔና ጥሩወርቅ ያን በጋ ሙሉ የደከምነው እንግዳ ሰው ለመጠየቅ ነበር። ግመለኛውን፣ የጉድጓዷን ሴት፣ አሮጊቷን። ለገዛ ልጇ ይሆናል ብለን አንድም ቀን አላሰብንም። እኔም ዛሬ ሳስበው፣ ካስተማርኳት ቃል ሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ያን ቀን አጥሩ ሥር ዝም ማለቴ ነው። ዐረብኛው በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ከእሷ የተሻለ አሳምሬ እናገረው ነበር። እሷ ግን እየተሳሳተች ተናገረችው፤ ልጇም እያረመቻት ወደ ጉልበቷ መጣች።